ከስንተኛው ገጽ በኋላ ነው በልቦለድ ላይ መፍረድ የሚቻለው?

በኢንተርኔት ላይ የውይይት ክሩን የከፈተው አንባቢ ጥያቄ አንድ መስመር ነው፤ ልቦለድ ጀምሮ ስንት ገጽ ካነበቡ በኋላ ነው "ይሄስ አይሆነኝም" ብሎ መዝጋት የሚገባው? ጥያቄውን ግን ባዶውን አላቀረበውም። በመጀመሪያዎቹ 30 እና 40 ገጾች የሚሰማን ስሜት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ ስህተቱም ሁለቱን ማደባለቃችን ነው ይላል። አንዱ ያለመግባት ስሜት ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼቱ የት እንደሆነ፣ ተራኪው ስለ የትኛው ጊዜ እንደሚያወራ አለመለየት። ሌላው መሰልቸት ነው፤ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ እየታየ ገጽ ለመግለጥ እጅ እምቢ ሲል። የመጀመሪያው ሲነበብ እየጠራ ይመጣል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ እየባሰበት ነው የሚሄደው። ሰው ታዲያ አልገባኝም ማለት ስለሚያሳፍረው ሰለቸኝ ይላል፤ በዚህም ሰበብ ሊወደው ይችል የነበረውን መጽሐፍ ይዘጋል።

ዘዴም አስከትሏል። አንድ ቁራጭ ወረቀት መሃሉን በመስመር ከፍሎ በ10ኛው፣ በ30ኛው እና በ50ኛው ገጽ ላይ ቆም ማለት፤ በግራ በኩል ያልገባውን፣ በቀኝ በኩል የሰለቸውን ከነገጽ ቁጥሩ መጻፍ። 50ኛው ገጽ ላይ ግራው ረዝሞ ቀኙ ባዶ ከሆነ መቀጠል፤ ቀኙ ከረዘመ ያለ ጸጸት መተው። በግራ የተጻፉት ጥያቄዎች እስከ 50 ድረስ ግማሽ ያህሉ ከተመለሱ ደግሞ ደራሲው የሚያደርገውን ያውቃል ማለት ነው ባይ ነው።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጣለሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ በሐሳቡ ተስማምቶ ለ50 ቁጥር ደጋፊ አመጣ። አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ያስተዋወቀችው ደንብ ነው፤ ዕድሜው እስከ 50 የሆነ አንባቢ ለማንኛውም መጽሐፍ 50 ገጽ ይሰጠዋል፣ ከ50 ያለፈ ሰው ግን ዕድሜውን ከ100 ላይ ይቀንሳል። የ60 ዓመት ሰው 40 ገጽ፣ የ80 ዓመት ሰው 20 ገጽ አንብቦ መተው ይችላል፤ ቀሪ ዘመን ሲያጥር ትዕግሥትም ያጥራል በሚል ሒሳብ።

2. ሁለተኛው ጨዋ በሆነ አነጋገር ግን ሳያመነታ አረመ። ቁርጥ ያለ የገጽ ቁጥር ለሁሉም መጽሐፍ አይሠራም፤ 50 ገጽ ለ150 ገጽ ልቦለድ አንድ ሦስተኛው ነው፣ ለ900 ገጽ ልቦለድ ግን ከ18 አንድ እጅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ 50ኛው ገጽ ላይ ግጭቱ ተጀምሮ ሊጦዝ ይገባዋል፤ በሁለተኛው ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ገና ላይወለድ ይችላል። የእሱ መለኪያ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ነው፤ ከ25 ሳያንስ፣ ከ80 ሳይበልጥ።

3. ሦስተኛው መላሽ በስልክና በንባብ መሣሪያ የሚያነቡትን አስታወሰ። በዚያ ገጽ የሚባለው ነገር ፊደሉን ባሳደጉት ቁጥር ይበዛል፣ ስለዚህ የሚያዋጣው የመቶኛው ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን ያታልላል፤ ከታሪኩ በኋላ ያለው ማስታወሻ፣ ምስጋና እና የሚቀጥለው መጽሐፍ ቅንጫቢ ሁሉ በመቶኛው ውስጥ ስለሚቆጠር 93 በመቶ ላይ ታሪኩ ድንገት ሊያልቅ ይችላል። በድምፅ ለሚያዳምጥም ስሌት ሠርቷል፤ ገጹ 300 ቃል ቢይዝ 50 ገጽ 15,000 ቃል ነው፣ በድምፅ የሚያነበው ሰው በደቂቃ 150 ቃል ቢያነብ 100 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ በፊት አቋርጦ መፍረድ ከ50ኛው ገጽ በፊት እንደመፍረድ ነው። አንድ ነገር ጨመረ፤ በድምፅ ሲሰማ ያሰለቸው መጽሐፉ ሳይሆን የሚያነበው ሰው ድምፅ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቅጂ ወይም የታተመውን አምስት ገጽ መሞከር ያስፈልጋል።

4. ክሩ ወደ ቁም ነገሩ የገባው እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። አራተኛዋ ጸሐፊ የገጽ ቁጥር ክርክሩን ወደ ጎን አድርጋ፣ ዋናው ነገር ስንት ገጽ ተነበበ ሳይሆን ሲነበብ ምን ተፈለገ የሚለው ነው አለች። በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ ይታደናል፤ የሚተርከው ማን ነው፣ የሚተርከው ከየትኛው ጊዜ ላይ ቆሞ ነው፣ የሚተርከውስ ለማን ነው። ግጭቱም ጭብጡም በኋላ ይመጣሉ፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ከደራሲው ጋር የምንገባው ውል ናቸው።

ዝርዝሩን እንዲህ አስረድታለች። ሁሉን አወቅ ተራኪ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ገጾች የሁለት ሰዎችን ሐሳብ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያሳየናል፤ ዕውቀቱ የተወሰነ የሦስተኛ መደብ ተራኪ ከሆነ የአንዱን ልብ ብቻ ያሳየንና የሌላውን ከፊቱ ገጽታ እንድንገምት ይተወናል። ይህን ያልለየ አንባቢ ስለ ሁለተኛው ገጸ ባሕርይ ምንም አልተነገረኝም ብሎ ደራሲውን ይወቅሳል፤ ያልተነገረው ግን ታስቦበት ነው። ጊዜውን በተመለከተ፣ ተራኪው በኋላ እንደተረዳሁት ወይም ያን ጊዜ መች አወቅሁ የሚል ሐረግ ከጣለ ከፍጻሜው ማዶ ሆኖ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ይተርፋል ወይስ ይሞታል የሚል ልብ ሰቀላ ከዚያ መጽሐፍ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው እንዴት እዚያ ደረሰ የሚለው ነው። ለማን እንደሚተረክ ደግሞ ከሚብራራውና ከማይብራራው ይታወቃል። ተራኪው የሠፈሩን ስም ሳያብራራ ጠርቶ የባሕር ማዶውን ነገር ካብራራ የሚያወራው ለሠፈሩ ሰው ነው። የተሳሳተ ውል የፈረመ አንባቢ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰለቸው።

5. አምስተኛው በዚያው ላይ የእኛን ቋንቋ ጠባይ ጨመረበት፣ እኔም በክሩ ውስጥ ከወደድኳቸው አንዱ ነው። በአማርኛ ከአንቱታ ውጭ ሄደ ወይም ሄደች ሳንል ስለ ሦስተኛ ሰው መናገር አይቻልም፤ የገጸ ባሕርይውን ጾታ ግሱ ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያወጣዋል። በእኔ የሚተርክ ተራኪ ግን ሄድኩ፣ አየሁ፣ ደከመኝ እያለ ሌላ ሰው ጠርቶ አንተ ወይም አንቺ እስኪለው ድረስ ወንድ ይሁን ሴት ሳይታወቅ ብዙ ገጽ ሊጓዝ ይችላል። አንባቢ በነዚያ ገጾች ላይ ከራሱ ጾታ አምጥቶ ይለጥፍለትና ኋላ ላይ ደራሲው አታለለኝ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአንደኛ መደብ ተራኪ ሲያጋጥም የመጀመሪያውን ምልልስ ፈልጎ ሌላው እንዴት እንደሚጠራው ማየት።

6. ስድስተኛው አንቱታን አነሳ። እሳቸው ሲባል ወንድም ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጡ፣ ተቀመጡ የሚለው ግስ አንድ የተከበሩ ሰው ይሁኑ ብዙ ሰዎች እንኳ ወዲያው አይለይም። ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ምልልሱ ነው። ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ሲገናኙ አንዱ አንቱ እያለ ሌላው አንተ ቢለው፣ ደራሲው በአንድ ገጽ ማብራሪያ ሊነግረን የሚችለውን የዕድሜና የሥልጣን ልዩነት በአንድ ቃል ጨርሶታል። አንቱታው በ12ኛው ገጽ ተጀምሮ በ40ኛው ገጽ ወደ አንተ ከወረደ በመሃል የሆነ ነገር አለ፤ ቅርበት ወይም ንቀት። ያን የዘለለ አንባቢ ምንም አልተከሰተም ብሎ ያማርራል።

7. ሰባተኛው የስም ብዛትን አመጣ። የሩሲያ ልቦለዶች በጅማሬያቸው የሚያስፈሩት በስም አጠራራቸው እንጂ በሐሳባቸው አይደለም ባይ ነው። አንድ ሰው የራሱ ስም፣ ከአባቱ ስም የተበጀ መጠሪያና የቤተሰብ ስም አለው፤ በዚያ ላይ የቁልምጫ ስም ይጨመርበታል። ዲሚትሪ ሚትያ ይሆናል፣ ማሪያ ማሻ ትሆናለች፣ አሌክሳንደር ሳሻ ይባላል። የኢቫን ልጅ ወንድ ከሆነ ኢቫኖቪች፣ ሴት ከሆነች ኢቫኖቭና ይባላሉ። በአክብሮት ሲጠሩት በስሙና በአባቱ መጠሪያ፣ ዘመድ ሲጠራው በቁልምጫው ነው። ደንቡን አስቀድሞ ያወቀ አንባቢ አሥራ ሁለት ሰው የመሰለው አምስት ሰው ይሆንለታል፤ በዚያውም የአጠራሩ ለውጥ ቁጥር 6 ስለ አንቱታ የተናገረውን ሥራ እንደሚሠራ ያያል።

8. ስምንተኛዋ ስሞቹን የምትይዝበትን ዘዴ በደረጃ ጻፈች። ጠንካራ ወረቀት ከገጹ ጠበብ አድርጎ መቁረጥና እልባት አድርጎ መጠቀም፣ በዚያው ላይ ስሞቹን መመዝገብ። አንድ ስም መጀመሪያ ሲመጣ አይጻፍም፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወይም ባለ ስሙ ሲናገር ነው የሚጻፈው፣ አለዚያ ሰርግ ላይ የታደመ ሁሉ ይመዘገባል። ከስሙ ጎን የታየበት ገጽ፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ቃል ዝምድናው ወይም ሥራው። ከእያንዳንዱ ስም ሥር አንድ ባዶ መስመር ይተዋል፤ የቁልምጫ ስሙ ወይም ማዕረጉ ኋላ የሚገባበት ነው። ብዙዎች የሚስቱት ይህቺን ባዶ መስመር ነው፤ ስላልተዋት አንዱን ሰው ሁለት ቦታ መዝግበው የባሰ ይደናገራሉ። ስሞቹ ከ15 ካለፉ በቤተሰብ ወይም በቦታ ከፋፍሎ በወረቀቱ ጀርባ እንደገና መጻፍ።

9. ዘጠነኛው ይህ ሁሉ ልቦለድን የቤት ሥራ ማድረግ ነው አለ። በሁለት መስመር።

10. አሥረኛው ከእሱም አጠረ፤ የማይፈልግ አይጻፍ፣ ነገር ግን 200ኛው ገጽ ላይ ይሄ ደግሞ ማን ነበር ብሎ ወደ ክሩ እንዳይመለስ ብቻ አሳሰበ። ከዚህ በኋላ ነው ወሬው መወጣጠር የጀመረው።

11. አሥራ አንደኛው በመጽሐፉ ፊት ስላሉት ገጾች ጻፈ፤ መቅድምና መግቢያ የሚባል ነገር ሁሉ ቢዘለል ይሻላል፣ ታሪኩን ቀድሞ ይዘረግፋል፣ የመጀመሪያውን ስሜትም በሰው ስሜት ይተካዋል።

12. አሥራ ሁለተኛዋ ጠንከር ባለ ቃል አረመችው። መቅድም ሁሉ አንድ አይደለም። በሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜ በሐያሲ ወይም በመምህር የተጻፈው መግቢያ ፍጻሜውን ሳይሳቀቅ ስለሚናገር ወደ መጨረሻ ይተላለፍ፤ በዚህ ትስማማለች። ደራሲው ራሱ የታሪኩ አካል አድርጎ የጻፈው መቅድም ግን ልቦለዱ ነው፤ እሱን መዝለል የመጀመሪያውን ምዕራፍ መዝለል ነው። መለያው ሁለት ነው። ከሥሩ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ማየት፤ ቀጥሎም ገጸ ባሕርይ ይናገርበታል ወይስ ስለ ገጸ ባሕርይ ይወራበታል ብሎ መጠየቅ። አንዳንዱ ደራሲ ይህን ጽሑፍ ከአሮጌ ሳጥን አገኘሁት የሚል መቅድም ይሠራል፤ እሱን እንደ እውነተኛ ማስታወሻ አንብቦ ያለፈ ሰው ተራኪውን ማመን እንደሌለበት የተሰጠውን የመጀመሪያ ፍንጭ ጥሎ ነው የሚገባው።

ስለ ጀርባ ሽፋኑም ተናግራለች። እዚያ ያለው ጽሑፍ የተጻፈው ለመሸጥ ነው፤ አንዳንዴ በመጽሐፉ እኩሌታ ላይ የሚሆነውን ነገር ዋና ጉዳዩ አድርጎ ያስተዋውቀዋል። ያን ያነበበ አንባቢ መቶ ሃምሳ ገጽ ሙሉ ያን ነገር ሲጠብቅ ይከርማል፤ ከመጣም በኋላ ዘገየ ይላል። ቁጥር 1 ያለው 50 ገጽ ከማለቁ በፊት ጀርባውን ገልብጦ አለማየት ይመረጣል።

13. ቀጣዩ ጸሐፊ ስለ ጅማሬ ስልት አነሳ፤ ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ የግሪኩን ባለቅኔ ሆሜርን ያመሰገነው አድማጩን በነገሩ መካከል ስለሚጥለው ነው፣ ዛሬም መካከል ላይ የሚጀምር ልቦለድ አይግባ እንጂ አይሰለችም አለ። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ግን የሆሜር ግጥም ኢሊያድ በትሮይ ጦርነት መጀመሪያ ተነሥቶ በእንጨቱ ፈረስ የሚያበቃ አስመስሎ ጻፈ።

14. አሥራ አራተኛው አልማረውም። ኢሊያድ የሚጀምረው ጦርነቱ በአሥረኛ ዓመቱ ላይ እያለ፣ በግሪኩ ተዋጊ በአኪለስ ቁጣ ነው፤ የሚያበቃውም በትሮዩ ልዑል በሄክተር ቀብር ነው። የእንጨቱ ፈረስ በኢሊያድ ውስጥ አይተረክም፤ የሚወሳው በሆሜር ሌላ ግጥም በኦዲሲ ነው፣ ሰፊው ትረካ ያለውም በሮማዊው ባለቅኔ በቨርጂል ኤኒድ ሁለተኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ የሚነሣ ከሆነማ ሆራስ ለምን መካከል ላይ ጣለን ብሎ ያመሰግነዋል? ቁጥር 13 የራሱን ማስረጃ በራሱ አፈረሰ። እርማቱ ትክክል ነው፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው የሚያነበውን አይምከር የምትለዋ መደምደሚያው ግን ባትኖርም ይቻል ነበር።

15. ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ግጥም እንጂ ስለ ልቦለድ አይደለም፣ ብሎ ሄደ።

16. አሥራ ስድስተኛው ነገሩን ወደ ቦታው መለሰ። አሮጌ ልቦለዶች በጅማሬያቸው የሚዘገዩት ለምን እንደሆነ ለማወቅ እንዴት እንደታተሙ ማየት ይበቃል። የቻርልስ ዲክንስ ልቦለዶች በርከት ያሉት የወጡት በየወሩ በ32 ገጽ ቁራጭ ነው፤ መጨረሻው ቁራጭ የሁለት ወር እጥፍ ስለነበር 20ው ክፍል በ19 ወር ያልቃል። ያን ጊዜ አንባቢ አንዱን ክፍል አንብቦ ሠላሳ ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን በአንድ የአነጋገር ልማድ ወይም በአንድ የአካል ምልክት እያስታወሰ ደጋግሞ ያመጣቸዋል። ዛሬ ያን መጽሐፍ በሦስት ቀን ለመጨረስ የሚጋልብ አንባቢ ድግግሞሹ ያቅለሸልሸዋል፤ ስህተቱ በፍጥነቱ ነው። በአንድ ቁጭታ ሦስት ወይም አራት ምዕራፍ፣ ከዚያ ማቆም። የዘመኑ አጭር ልቦለድ ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹን 40 ገጾች በአንድ ወይም በሁለት ቁጭታ መጨረስ። በየሌሊቱ አራት አራት ገጽ እየቆነጠሩ አሥር ቀን ከወሰደ የሚሰማው መሰልቸት የመጽሐፉ ሳይሆን የቁንጠራው ነው።

17. የጣሊያናዊው የኡምቤርቶ ኤኮ ነገር እዚህ ላይ መጣ። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣውን፣ በገዳም ውስጥ ሰባት ቀን የሚፈጀውን ልቦለዱን ወዳጆቹና አርታዒዎቹ የመጀመሪያዎቹን 100 ገጾች አሳጥር ብለውት እምቢ አለ። ምክንያቱንም ኋላ ጽፎታል፤ ገዳሙ ውስጥ ገብቶ ሰባት ቀን መኖር የሚፈልግ ሰው የገዳሙን እርምጃ መቀበል አለበት፣ እነዚያ 100 ገጾች እንደ ንስሐ ናቸው፣ የማይችል ሰው ተራራው ግርጌ ይቅር የሚል ነው። አሥራ ሰባተኛው ከዚህ ተነሥቶ የ50 ገጽ ደንብ እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ይገድላል አለ፣ የቁጥር 2 አንድ አሥረኛም ቢሆን አያድነውም።

18. አሥራ ስምንተኛው ከዚህ ዘልሎ መጽሐፍ ያልጨረሰ ሰው ስለ መጽሐፍ የመናገር መብት የለውም አለ። የክሩን ከፋችም አልማረውም፤ በግራና በቀኝ ዓምድ መመዝገብ የሒሳብ ሹም ሥራ ነው፣ ልቦለድ ደግሞ የገቢና ወጪ መዝገብ አይደለም።

19. አሥራ ዘጠነኛዋ በዚህ ጊዜ ጨዋነቱን ጨርሳ አስቀመጠችው። በግድ የተጨረሰ መጽሐፍ ላይ የሚጻፈውን አስተያየት ማን እንደማያውቅ ጠየቀች፤ በ60ኛው ገጽ መተው የነበረበት ሰው 400 ገጽ ተጎትቶ ሲያበቃ በደራሲው ላይ የሚያወርደው እርግማን ከየትኛው ፍርድ ይሻላል? መተው መብት ነው፤ ግዴታው አንድ ብቻ ነው፣ ሲናገሩ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደተዉት መናገር። 60 ገጽ አንብቤ ተውኩት የሚል ሰው ሐቀኛ ነው፤ ደካማ ልቦለድ ነው ብሎ 60ውን ገጽ የሚደብቅ ሰው ግን አይደለም። እኔ በዚህ ነጥብ ከእሷ ጋር ነኝ፣ ስለ ቁጥር 18 ያለችውን የቀረውን ግን አልደግመውም።

20. አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ፤ ስለ መጽሐፍ እንጂ ስለ ሰው እንዳይጻፍም አሳሰበ።

21. ሃያ አንደኛው እስካሁን ያልተነሣ ነገር አነሣ፤ ትርጉም። የተተረጎመ ልቦለድ ሲጀመር ሻካራ ከሆነ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት አራት ምልክት ሰጥቷል። የመጀመሪያው አንተ እና አንቱ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ተርጓሚው ራሱ መምረጥ አለበት፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ትዕይንት ውስጥ ያለ ምክንያት ከአንቱ ወደ አንተ እየተመላለሱ ከሆነ ቁጥር 6 ያለው የቅርበት ምልክት ሳይሆን የግድ የለሽነት ምልክት ነው። ሁለተኛው እሱ እሱ እሱ የሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ አማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ ተውላጠ ስሙ በየመስመሩ ከተደጋገመ ተርጓሚው ቃል በቃል እየሄደ ነው። ሦስተኛው ትርጉም የማይሰጥ አባባል ነው፤ ሰውየው ሲገረም የሚናገረው ነገር ግራ ካጋባ የሌላ አገር ፈሊጥ እንዳለ ተገልብጧል። አራተኛው የዐረፍተ ነገር ርዝመት ነው፤ በአማርኛ ማሠሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ 50 ቃል ያለው ዐረፍተ ነገር ሳይቆረጥ ሲተረጎም ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው በአምስተኛው መስመር ነው።

ለዚህ የመጨረሻው የሰጠው መላ ለትርጉም ብቻ ሳይሆን ለራሳችን ረጅም ዐረፍተ ነገር ወዳድ ደራሲዎችም ይሠራል፤ መጀመሪያ ዓይንን ወደ አራት ነጥቡ ሰድዶ ማሠሪያውን ግስ ማየት፣ ከዚያ ወደ መነሻው ተመልሶ ማንበብ። ሁለት ገጽ ያህል እንዲህ ከተነበበ ጆሮ ምቱን ይለምደዋል። ካልለመደው ያው መጽሐፍ ሌላ ትርጉም ካለው የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ጎን ለጎን ማስተያየት ነው።

22. ሃያ ሁለተኛው መልስ ከሁሉ የሚያስቅም የሚጠቅምም ነው። ልቦለድ ስናነብ ታሪኩ ድንገት ዘሎ፣ ያልነበረ ሰው ሞቶ፣ ያልታየ ቤት ተቃጥሎ ካገኘነው የዘመናዊ አጻጻፍ ስልት ነው ከማለታችን በፊት የገጽ ቁጥሩን እንይ አለ። መጽሐፍ የሚታተመው በሰፊ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ይታጠፍና ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ያወጣል፣ እጥፎቹ ተደርበው ይጠረዛሉ። አንዱ እጥፍ ከተዘለለ ከ32 ቀጥሎ 49 ይመጣል፤ ሁለቴ ከገባ ከ48 በኋላ ተመልሶ 33 ይሆናል። እጥፉ ተገልብጦ ከተጠረዘ ደግሞ 16ቱ ገጾች ቁልቁል ይዘቀዘቃሉ። ምልሰት (ታሪኩን ወደ ኋላ የሚመልስ ስልት) ነው ተብሎ የተደነቀ ነገር የጥረዛ ስህተት ሆኖ መገኘቱ ለሐያሲ ጥሩ አይደለም። አዲስ መጽሐፍ ከመጀመሩ በፊት በየ16 ገጹ የሚገናኙበትን ቁጥር ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

23. ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ጥረዛ ነጎደ። ሃያ ሦስተኛው በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ በመጀመሪያው ንባብ መሃሉ ተሰንጥቆ ገጹ ለምን እንደሚረግፍ ጠየቀ።

24. ተመለሰለትም። በሙጫ የሚጠረዝ መጽሐፍ እጥፎቹ በጀርባ በኩል ተልገው ነጠላ ነጠላ ገጽ ይሆናሉ፣ የሚይዛቸው ሙጫው ብቻ ነው፤ መሃሉን ገልጦ ወደ ኋላ መለጠጥ ሙጫውን ይሰብረዋል። የተሰፋ መጽሐፍ ግን እያንዳንዱ እጥፍ በክር ስለተያዘ ይታገሣል። ለሁለቱም አከፋፈቱ አንድ ነው፤ ገጾቹ የተያያዙበትን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ አስቁሞ ሁለቱን ሽፋኖች ወደ ጎን ማስተኛት፣ ከዚያ ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያፈራረቁ በጣት በቀስታ ወደ ታች መጫን፣ መሃሉ ላይ እስኪደረስ።

25. አንዱ በእርሳስ ይሻላል በእስክሪብቶ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

26. ሃያ ስድስተኛዋ ርዕሱን አንገቱን ይዛ መለሰችው። እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ተራኪ ላለው ልቦለድ ነው፤ አራት ሰዎች ተራ በተራ የሚተርኩት መጽሐፍ ሲሆን ለእያንዳንዱ 20 ገጽ ቢሰጠው 80ኛው ገጽ ድረስ ገና መተዋወቅ ነው። በእንዲህ ያለው መጽሐፍ መለኪያው እያንዳንዱ ተራኪ አንዴ ተናግሮ የመጀመሪያው ሁለተኛ ተራውን እስኪጀምር ነው። በዚያች በሁለተኛዋ ተራ መጀመሪያ ላይ ማን እንደሚናገር ርዕሱን ሳያዩ ከድምፁ ብቻ ከታወቀ ደራሲው ሥራውን ሠርቷል፤ ካልታወቀ አራቱም ሰዎች ደራሲው ራሱ ናቸው።

የማይታመን ተራኪንም በዚያው አነሳች። ምልክቶቹ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ አሉ፤ ማንም ሳይጠይቀው እውነቱን ነው የምናገረው ብሎ የሚምል፣ ባልነበረበት ክፍል ውስጥ የተባለውን ቃል በቃል የሚያውቅ፣ ሁሉም ሰው ይወደኛል እያለ በምልልሱ ውስጥ ግን ሁሉም የሚሸሸው። እንዲህ ያለ ተራኪ መጀመሪያ ላይ ያስጠላል፤ ማስጠላቱ ግን ታስቦበት ሊሆን ይችላል። ተራኪው የሚያስጠላ ሆኖ ደራሲው ማስጠላቱን የሚያውቅ ከመሰለ በግራው ዓምድ፣ ደራሲውም የማያውቅ ከመሰለ በቀኙ ዓምድ ይጻፍ። የከፋቹን ወረቀት ሳትሸራርፍ እንዲህ የተጠቀመችበት እሷ ብቻ ናት።

27. ሃያ ሰባተኛው አንድ ልምምድ ብቻ ጨመረ፤ 50ኛው ገጽ ላይ ከመወሰን በፊት ወደ ገጽ 1 ተመልሶ እሱን ብቻ እንደገና ማንበብ። በደንብ የተሠራ ጅማሬ ሁለተኛ ሲነበብ ንግሮቹ፣ ማለትም ስለሚመጣው ነገር ቀድመው የተጣሉት ፍንጮች፣ ብቅ ይላሉ፤ ያለ ምክንያት የተጠቀሰ የመሰለው በር፣ ሳል ወይም ደብዳቤ ሥራ እንዳለው ይታያል። ገጹ በሁለተኛው ንባብ ምንም ያልጨመረ እንደሆነ፣ ቁጥር 17 ይቅር ይበለው እንጂ፣ የቀረው 300 ገጽም የሚጨምረው ነገር አለ ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት የለም።

28. የክሩ ከፋች ተመልሶ መጣ፤ እንደ ብዙዎች አላኮረፈም። ቁጥሩን ከ50 ወደ ቁጥር 2 አንድ አሥረኛ ለውጧል፣ ብዙ ተራኪ ላለው መጽሐፍ ደግሞ የቁጥር 26ን ደንብ ተቀብሏል። ወረቀቱ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አክሏል፤ የአንባቢውም የደራሲውም ላልሆነ ጥፋት፣ ማለትም የተርጓሚ፣ የጠራዥ፣ የጀርባ ሽፋን ጸሐፊና በድምፅ የሚያነበው ሰው ጥፋት የሚሰፍርበት። ለቁጥር 18 የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የሒሳብ ሹምም ልቦለድ ያነባል።

29. ቁጥር 18 ለዚህ አልመለሰም። ሌላ ሰው ግን አንድ አሥረኛው የሚቆጠረው ከየት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከርዕስ ገጹ ወይስ ከምዕራፍ አንድ?

30. ታሪኩ ከሚጀምርበት ገጽ፣ አለ ቁጥር 2። በአንዳንድ መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጀምረው በገጽ 17 ላይ ስለሆነ ያን ቀንሶ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ደራሲው የጻፈው መቅድም ካለ ግን በቁጥር 12 ደንብ መሠረት አይቀነስም።